አባትሽን የገደለው ማመልከቻ

ለምናፍቅሽ ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልም፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽም ደህና ነው፤ ጉልበቱን እያሸ የሰው ወንበር ሲጠግን ይውላል። ማንም ሞተ ቢልሽ እንዳታምኚ።

ታናሽ ወንድምሽ ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እያጠና ነው። ማጥናቱስ ባልከፋ። ግን ከማመልከቻው ጋር «ሕግ መማር ለምን ፈለግክ?» የሚል ጽሑፍ ይጠየቃል። ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «አባቴ ያለ ጥፋቱ ታስሮ፣ ፍትሕ እንደናፈቀው ሞተ።» አባትሽ መነጽሩን አድርጎ የገዛ ሞቱን ሲያነብ እኔ መግቢያ አጣሁ።

«እንዲህ ካላልኩ ማን ያዝንልኛል? ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጽፈው» ይለኛል፣ አባቱ በገዛው ዳቦ ጉንጩን ሞልቶ። ሰው የወለደውን ይጸየፋል? እኔ ተጸየፍኩ። ገና ደጃፉን ሳይረግጥ አባቱን ከቀበረ፣ ጠበቃ ሲሆን ማንን ሊያስተርፍ ነው?

አባትሽማ «ተይው፣ ልጅ ነው» ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እራቱን ግን ሳይነካ ተኛ።

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ልጄ፤ እጅሽ አይጠር። ጽሑፉን አርሚልኝ ብሎ ይልክልሻል። እባክሽ፣ አባቱን ከመቃብር ሳያወጣ አንዲት ፊደል እንዳትነኪለት።

እናትሽ