ከቀለሙ ሥር ያለችው ኃ

ኅዳር 13፣ ወረታ

ዛሬ ሀብቱ የሚባል ሰው አሮጌ አይሱዙ ይዞ መጣ። በሩ ላይ የባለንብረቱ ስምና የጭነቱ ልክ ካልተጻፈ ቦሎ አይሰጡትምና እንድጽፍለት ነው። መኪናውን ከአዲስ አበባ እንደገዛው፣ ወረታን ሲረግጥም ገና ዛሬ እንደሆነ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ሳልጠይቀው መንገሩ ደስ አላለኝም።

የድሮው ስም በቀለም ተሸፍኗል። በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍገው ከሥር ኃ ብቅ አለች። እዚህ አገር የመኪና በር ላይ በብዙኃኑ ኀ የሚጽፍ ከእኔ በቀር የለም፤ ሌሎቹ ቀለም ቀቢዎች ሁሉን በሀሌታው ሀ ነው የሚጨርሱት። ይህችን የጻፍኳት እኔው ነኝ፣ የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ ኃይሉ ሩዙን ሸጦ መኪና የገዛ ጊዜ። ጓሮ ዞር ብዬ ደወልኩለት። አያነሣም።

«ቁሐር በዚህ መኪና ሄደህ ታውቃለህ?» አልኩት ሀብቱን ተመልሼ።

«ቁሐር የት ነው?» አለና ፊደሏን አያት። «እሷን አትፋቃት። የእኔም ስም በሀ ነው የሚጀምረው፣ ትበቃለች።»

ሀብት በሀሌታው ሀ ነው የሚጻፍ። የኔታ ካስተማሩኝ ወዲህ አንድም ቀን ስቼው አላውቅም። ዛሬ ግን እሺ አልኩና ከኃ ቀጥዬ «ብቱ» ጨመርኩበት። አመስግኖኝ ሄደ።

ምናልባት ኃይሉ ወዶ ሸጦለት ይሆናል። ስልኩን እስካሁን አላነሣም። መኪናው በመንገድ ቢያልፈው ግን ፊደሏን ይለያታል፤ ስሙ በየትኛው ሀ እንደሚጻፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።