ሰማዩን የዘጋው ዋንዛው አይደለም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ይልቃል፤

ክረምቱ እንዴት ያዘዎት? ያ የወገብ ሕመም ተወዎት ወይ? እትዬ እሌኒስ? ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ? እኔ ቸርነቱ የማያልቅበት አምላክ ይመስገን፣ በሰው አገር ቁረይሻ የሰሊጥ አረም ላይ በጤና አለሁ። ሦስት ዓመት አንዲት መስመር ሳይጽፍ ዛሬ ምን ነካው ይሉ ይሆናል። ደስታ ነው ጋሼ፤ ደስታና እፍረት አንድ ላይ መጥተው እጄን አላስቀምጥ አሉት።

ከትናንት ወዲያ፣ በገብርኤል ዕለት፣ ለተሥላሴ የምትባል የተማረች ልጅ ከስደተኞች ካምፕ ኮምፒውተር ይዛ እርሻችን መጣች። ስለ አየር ንብረት ልታስረዳን ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የዓለሙን አየር የሚያስመስል ነገር አለ፤ ጭሱን ሲጨምሩትና ሲቀንሱት ሙቀቱ ወዴት እንደሚሄድ ሰማንያ ዓመት አሻግሮ በመስመር ያሳያል። «የመኪናውና የፋብሪካው ጭስ ዛሬ ካለበት ባይጨምር፣ ሙቀቱስ?» ብላ ጠየቀችን። ሁላችንም «ይቆማላ!» አልን። ነካ ስታደርገው መስመሩ ሽቅብ! የትራክተር ነጂው ጀማሉ «ወላሂ ማሽንሽ ታሟል፣ ሐኪም ጥሪለት» ብሎ አሳቀን።

እሷም እየሳቀች «ሐፊራችሁን አስቡት» አለች። ሐፊር እዚህ የዝናብ ውኃ የምናጠራቅምበት ትልቅ ጉድጓድ ነው። «የሚገባው ጎርፍ ባይጨምርም፣ ከሚወጣው እስከ በለጠ ድረስ ውኃው መሙላቱን ይተዋል?» ስትል ጀማሉ «ኧረ አይተውም» አለ። ሐፊር ስቆፍር የኖርኩት እኔም አፈርኩ። ጭሱ እንዲያው ነው ለካ፤ ጫካውና ባሕሩ ከሚውጡት በላይ ሲገባ በላይ በላዩ ይጠራቀማል።

ያን ጊዜ ልቤ እርስዎ ዘንድ ሄደ። «እስቲ አንድ ዋንዛ ቁረጪበት» አልኳት። «አንድ ዛፍማ አይታየውም፣ አቦይ ጋረደው» አለች። «እንግዲያስ ሺህ ቁረጪ!» ቆረጠች። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ጮኼ ተነሣሁ፤ ሰዉ አበደ አለኝ። እሷ ግን ቆጣ ብላ «ዛፍ አያስፈልግም አላልኩም፤ ዝናቡ ባንድ አገር ባንድ ዓመት ለምን እንደ ቀረም ይኼ አይነግርም» አለችኝ። ይሁን። ያንድ ሰው መጥረቢያ ሰማይ እንደማይዘጋ ግን በዓይኔ አየሁ።

ጋሼ፣ የደብሩን ዋንዛ ለምን እንደ ቆረጡት ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ሚስቴ ባንቺአየሁ ስትሞት ያለ ሣጥን አፈር እንዳትለብስ ነው። ዝናቡ ሁለት ክረምት ሲከዳን ግን በጽዋ ማኅበሩ ፊት ተነሥቼ «ሰማዩን የዘጋብን ዋንዛውን የቆረጠ ነው» ያልኩት እኔው ነኝ። በኔ ቃል ከጽዋ አስወጡዎት። ለምን እንዳልኩት ራሴን ስመረምር ኖሬያለሁ። እግዜርን ማማረር ፈራሁ፤ ሐዘኔ ሰው ፈለገ፤ እርስዎ ቅርብ ነበሩ። በእግዜር ወንበር ተቀምጬ ፈረድኩ።

ስለ ማርያም ብለው፣ ይህን ደብዳቤ ለማኅበሩ መሪ፣ ለሙሴው ለሃይለ ይስጡልኝ። ጽዋው ሳይነሣ በሰው ፊት ያንብበው። በአፌ ያፈረስኩትን በእጄ ጽፌያለሁ። አልበቃ ካላቸው፣ ሰሊጡ እንደ ታጨደ መጥቼ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ።

የእትዬ እሌኒን ጉልበት ሳመ ይበሉልኝ። ልጅዎን ሶፎኒያስን አገላብጠው ይሳሙልኝ፤ ጎረቤታችንን ያዕቁብንም አደራ፣ ሰላምታዬ አይቅርበት። የዋንዛው ጉቶ አቆጥቁጦ እንደሆነ ይጻፉልኝ። ካቆጠቆጠ፣ ፍየል እንዳይቀጥፈው ለጊዜው እሾህ ጣል ያድርጉበት፤ አጥሩን መጥቼ እኔ አጥራለሁ።

ታናሽዎ ጋረደው
ቁረይሻ፣ ገዳሪፍ
ሐምሌ ፳፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.