የአፋፉ ትምህርት ቤት እና ያንቺ ቤት

ለልጄ ለየኔአለም አራጌ፤

እንደምን አለሽ ልጄ? እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገቤን ያዘኝ ያልሽው ሕመም ተሻለሽ ወይ? የአገሩ ሙቀትስ እንዴት አደረገሽ? ሰዎቹስ በደግ ዓይን ያዩሻል? እንቅልፍሽን ትጠግቢያለሽ? ፋሲካን በሰው አገር እንዴት ዋልሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናትሽ ንግሥቴ ደህና ናት፣ ልጅሽ እንቁ ደህና ናት፣ ከብቶቹም ከነጥጆቻቸው ደህና ናቸው። ካንቺ ድምፅ በቀር የጎደለን ነገር የለም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ዘንድሮ እንዲያ ብዬ ብጽፍ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው እንቁን አጠገቤ አስቀምጬ አላስጻፍኳትም። በራሴ እጅ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ቢወላገድ ታገሺኝ። እሷ እንድታነበው የማልፈልገው ነገር አለበት። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ፣ ገና ሄሎ ስንባባል እናትሽ ታለቅሳለች፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ካርዱ ያልቅና ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። የአዩብ ልጅ የሺእመቤት በመጪው ሳምንት ወደ ጅዳ ትበራለች ስለተባለ በእሷ እጅ እልከዋለሁ።

ምናልባት ቀድመሽ ሰምተሽ ይሆናል። እዚያ ያሉት የአገራችን ልጆች እዚህ የሆነውን ከእኛ በፊት ነው የሚያውቁት። “አባትሽ የአፋፉን ትምህርት ቤት አስፈረሰው” ብለውሽ ከሆነ እውነታቸውን ነው። የፈረምኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ግን ከእኔው አፍ ስሚኝ።

አምና ክረምቱ ከበደ። በነሐሴ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው መሬት ተሰነጠቀ፤ መጀመሪያ ጣት የሚያስገባ ነበር፣ መስከረም ሲጠባ እግር የሚያስገባ ሆነ። አንቺ ሦስተኛ ክፍል የተማርሽበት ክፍል ግድግዳው ወደ ገደሉ አዘነበለ። በጥቅምት አንድ ረፋድ ላይ መምህርት ፈንታዬ ልጆቹን ለእረፍት እንዳስወጣቻቸው የኋላው ማዕዘን ተደርምሶ ወረደ። ድንጋዩ ወንበሮቹን ሰባብሯቸዋል። ጩኸቱን ሰምቼ ከእርሻ ሮጬ ስደርስ ፈንታዬ ሜዳው ላይ ቆማ ልጆቹን ትቆጥራለች። ቆጥራ ትጨርስና እንደገና ትጀምራለች። ሁሉም ነበሩ። እሷ ግን መቁጠሯን ማቆም አቃታት፤ እጇን ይዤ ነው ያስቀመጥኳት።

በታኅሣሥ መሐንዲስ መጣ። ግድግዳውን እየዞረ አየ፣ መሬቱን ለካ፣ በቀይ ቀለም ኤክስ አደረገበት። “ሌላ ክረምት አይሻገርም፤ ይፍረስ” አለ። ከታች ሜዳው ላይ አዲስ እንደሚሠራና ከፋሲካ በፊት እንደሚጀመር ተነገረን። ለዚህ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ መፈረም አለበት ተባለ። ሰብሳቢው እኔ ነኝ።

ሕዝቡ ተሰበሰበ። አሕመድኑር ተነሣ። አሕመድኑር ማለት ለእኔ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ትምህርት ቤቱ ሲሠራ፣ በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ሁለታችንም ጢም ያላበቀልን ጎረምሶች ነበርን። ድንጋዩን ከወንዙ በቃሬዛ አንድ ጫፍ እሱ አንድ ጫፍ እኔ ይዘን ነው ሽቅብ ያወጣነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜም ሀሁ የቆጠርነው እዚያው ክፍል፣ አንድ ወንበር ላይ ነው። እና ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ “ያ ጀማዓ፣ ቤት ሲያዘምም ይደገፋል እንጂ ይፈርሳል እንዴ? እኛው ሠራነው፣ እኛው እንጠግነዋለን። ወላሂ ይህ ከፈረሰ ሌላ አይሠራልንም። ልጆቻችን ይበተናሉ።” ሰው ሁሉ አጨበጨበለት።

እኔ ዓይኔ ላይ የመጣው ፈንታዬ ስትቆጥር ነው። “እኔ የልጅ ሬሳ ከድንጋይ ሥር አላወጣም” አልኩና ፈረምኩ። አሕመድኑር ብዕሩን ከወረቀቱ እስካነሣ ጠበቀኝ። ከዚያ “አራጌ፣ ሁለት ሆነን የተሸከምነውን ዛሬ ብቻህን ጣልከው” አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ የለንም። ሌላውም ሰው እንደዚያው ሆነብኝ። ለቅሶ ቤት ስገባ ቦታ ይለቁልኛል፣ ወሬው ግን ይቋረጣል።

የስንብቱ ቀን በጥር መጨረሻ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሕዝቡ በሙሉ አፋፉ ላይ ወጣ። ከከላላ በበቅሎ የመጡ፣ ከአቀስታ በሚኒባስ ተሳፍረው የመጡ የድሮ ተማሪዎች ነበሩ። ቄሱ ጸለዩ፣ ሼኹ ዱዓ አደረጉ። እናቶች በየክፍሉ እየገቡ ልጄ እዚህ ነበር የሚቀመጠው እያሉ ወንበሩን ይዳብሱ ነበር። እናትሽም ገብታ ያንቺን ቦታ ፈልጋ ተቀመጠችበት፤ ተነሺ ብላት እንቢ አለችኝ። ንግግር የሚያደርጉ ሰዎች ተጠሩ። እኔን የጠራኝ የለም፤ አጥሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ።

ከዚያ ወጣቶቹ ጣራው ላይ ወጥተው ቆርቆሮውን አወረዱ፣ ግድግዳውንም ገፉት። ቋሚዎቹ ሲነቀሉ እግራቸው በሙሉ ነቅዞ ዱቄት ሆኖ ነበር። ላዩ ደህና የሚመስል እንጨት ውስጡ ባዶ ነው። ያን ያህል ዓመት ልጆቻችን ከምን ሥር ተቀምጠው እንደነበር ሁሉም አየ። አንድም ሰው “አራጌ ልክ ነበረ” አላለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቢሉኝም ደስ አይለኝም ነበር። አሕመድኑር ጎንበስ ብሎ ከዚያ ዱቄት በእፍኙ ዘገነ፤ አይቶት አይቶት እጁን አራገፈና ወደ ቤቱ ሄደ። እኔም ልከተለው ሁለት እርምጃ ሄጄ ተመለስኩ።

ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። ሜዳው ላይ አንድ ካስማ እንኳ አልተተከለም። የወረዳውን ሰዎች በጠየቅሁ ቁጥር “በመንገድ ላይ ነው” ይሉኛል። የአምስተኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ያሉት ከወንዙ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት እንዲማሩ ተደረገ፤ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ነው። ትንንሾቹ ግን ያን መንገድ አይችሉትምና አዲሱ እስኪሠራ በየቤታችሁ ጠብቁ ተባሉ። ይህ ነው አሕመድኑር የፈራው፤ እኔ ፈርሜ ያመጣሁት ይህ ነው።

አሁን ልጄ፣ ደብዳቤውን ያስጀመረኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ለትንንሾቹ ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ደብሩ አዳራሽ የለው፣ የቀበሌው ክፍል ማዳበሪያ ሞልቶበታል። ስዞር ውዬ ስመለስ ያንቺን ቤት አየሁት፤ ሰፊ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ሰማያዊ፣ የተቆለፈ። “ስመለስ የምገባበት ነው፣ ማንም አይግባበት” ያልሽውን አልረሳሁም። ስንት ዓመት የሰው ወለል አሽተሽ የሠራሽው እንደሆነም አልረሳሁም። ቢሆንም ለእናትሽ ቁልፉን ስጪኝ አልኳት። ቁልፉ ሁልጊዜም ከመቀነቷ አይለይም። “የልጄን ላብ ለአቧራ? መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን፣ አሁን ደግሞ ቤቷን?” አለችኝና ሦስት ቀን ቃል አልተነፈሰችልኝም። በአራተኛው ቀን እኔ ሳልጠይቃት አልጋሽንና ምንጣፍሽን ተሸክማ ወደ አሮጌው ቤት አዛወረች። ቁልፉንም ምሳዬ አጠገብ አስቀመጠችው።

አንቺን አላስፈቀድኩሽም። ልጠይቅሽ ስልክ ይዤ እንቢ ብትይኝስ ብዬ ተውኩት። ይህ በደል ነው። ይቅርታ የምጠይቅሽ ቤቱን ስለከፈትኩ አይደለም፤ ሳልጠይቅሽ ስለከፈትኩ ነው።

መምህርት ፈንታዬ ሰሌዳውን አስተካክላ ተዘጋጀች። በመጀመሪያው ቀን እስከ ቀትር ብንጠብቅ አንድም ልጅ አልመጣም። በሁለተኛውም እንደዚያው። “ልጄ የአራጌን ደጅ አይረግጥም” ያሉ እንዳሉ ሰማሁ። ፈንታዬ ጠመኔዋን ይዛ ባዶ ቤት ውስጥ ቆማ ሳያት በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን አሕመድኑር የልጅ ልጁን የኡምኩልሱምን እጅ ይዞ መጣ። ልጅቱን በሩ ላይ ለፈንታዬ አስረከባት። እኔን አላየኝም። ቤቱን ዞረው፤ ማዕዘን ማዕዘኑን በጡጫው መታ መታ አደረገው፣ ወደ ጣራው አንጋጠጠ፣ የቋሚውን እግር በከዘራው ወጋ ወጋ አደረገ። ከዚያ ለግድግዳው ይሁን ለራሱ እንጃ፣ “ይኼ ይቆማል” ብሎ ሄደ። በማግሥቱ ሰባት ልጆች መጡ። ዛሬ ሠላሳ አራት ናቸው። ግድግዳሽ እስከ ልጅ ቁመት ድረስ በእጅ አድፏል፤ አልዋሽሽም።

የእንቁ ነገር ነው አሁን ሌት ተቀን የሚያብሰለስለኝ። እሷ ሰባተኛ ክፍል ስለሆነች ማዶ ነው የምትሄደው። በጎሕ ትነሣለች፣ ስትመለስ እህል የመቅመስ አቅም የላትም። ከፋሲካ በኋላ በጣለው ዝናብ ወንዙ እስከ ጭኗ ደርሶ ደብተሯን ወሰደባት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ቀረች። ከእሷ ጋር ይሻገሩ ከነበሩት ሴቶች ልጆች አራቱ ጭራሽ ትተውታል፤ ሁለቱ ፓስፖርት ያወራሉ። እሷም አንድ ቀን ማገዶ እየሰበረች “እኔስ አባባ፣ እንደ እማዬ ዓረብ አገር ብሄድ ይሻለኛል” አለችኝ። “እናትሽ የሄደችው አንቺ እንዳትሄጂ ብላ ነው” ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ደጇ ያለውን ትምህርት ቤት ያፈረስኩባት እኔ መሆኔ ትዝ ሲለኝ ግን መጥረቢያውን ተቀብያት ማገዶውን መስበር ጀመርኩ።

መካነ ሰላም ያለችው አክስትሽ ሰርካለም “ከእኔ ጋር ትሁንና እዚህ ትማር” ብላ ልካብናለች። እናትሽ ልጅቱም ከሄደች ቤቱ ኦና ይሆንብኛል ትላለች። እኔ መሄዷን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን በዚህ ዓመት በአንድ ፊርማ ብዙ ነገር ስለወሰንኩ ይህን ብቻዬን አልወስንም። ሰኔ ገብቶ ወንዙ ሳይሞላ ቃልሽን ላኪልኝ። ለእንቁም ለብቻዋ ጻፊላት። እዚያ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምትነሺ፣ ምን እንደምትሠሪ፣ ለእኛ በስልክ የማትነግሪንን ሁሉ ጻፊላት። ስለ ቤቱም ዝጋው ካልሽኝ እዘጋዋለሁ፣ ቅር አይለኝም። ልጆቹን ይዤ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ።

እናትሽ ንግሥቴ ደጋግማ ሳመችሽ። ወለልሽን በየቀኑ ልጆቹ ሲወጡ እሷው ናት የምታጥበው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ እንቁን ግን አታስነካትም። እንቁ እማዬ ናፈቅሽኝ ትልሻለች፤ ቁመቷ እናትሽን አልፏል። ወንድምሽ እንዳልካቸው ከነሚስቱ ሰላም ብሎሻል፣ ለመጪው ክረምት ጤፉን እኔ እዘራለሁ፣ አባባ አይድከም ብሏል። አክስትሽ ሰርካለምም አብሽሪ በሉልኝ ብላለች። መምህርት ፈንታዬ ስለ ቤቱ ዕድሜ ይስጥሽ ትላለች፤ አንቺ እንዳልፈቀድሽ አልነገርኳትም።

ዛሬ ጠዋት ያንቺው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ አሕመድኑር ኡምኩልሱምን ሊያደርስ መጣ። ልጅቱ ከገባች በኋላም አልሄደም። ከእኔ አንድ ክንድ በሚሆን ርቀት ደፉ ላይ ተቀመጠ። ወረቀቱን አየት አድርጎ “ለማን ነው?” አለኝ። “ለየኔአለም” አልኩት። ከታኅሣሥ ወዲህ የተነጋገርነው ይህን ብቻ ነው። ከዘራውን ተደግፎ ሲነሣ ግን እንዲህ አለኝ፦ “ሰላም በላት። ጣራው በምሥራቅ በኩል ሁለት ሚስማር ለቋል፤ ነገ መሰላል ይዤ እመጣለሁ፣ አንተ ከታች ትይዝልኛለህ።”

አባትሽ አራጌ

አፋፍ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ
ግንቦት ፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.