ሮዳጅ ያልጨረሰች መኪና

ሙሐመድሰዒድ፣

የመኪናዋ ቁልፍ ከትራስህ ሥር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሹፌሯ አንተ ነህ ተብያለሁ።

ሞተሯ አዲስ ነው፣ ሮዳጅ አልጨረሰችም፤ ብረቱ እርስ በርሱ ገና አልተላመደም። ጠዋት አስነስተህ ትንሽ ትሙቅ። ከመልካ ወረር ስትነሳ ጥጡን ግማሽ ብቻ ጫን። ነዳጅ ረግጠህ አትስጣት። በዚህ ሐሩር ካጣደፍካት ሞተሯ ነክሶ ቀጥ ይላል። ዘይቷንም ቶሎ ቀይርላት፣ የብረት ብናኝ ይዞ ይወጣል።

ይህን ሁሉ ታውቃለህ። ጋቢና አጠገቤ ተቀምጠህ ነግሬሃለሁ።

በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ግን ተነሥተህ «ሰላሀዲን ሆን ብሎ ይጎተታል፤ ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው» አልክ። በአንድ ትሪ እየበላን! መኪናዋን ከፈለግካት ብትነግረኝ፣ ወላሂ፣ እለቅልህ ነበር።

እኔን ወደ ሰርዶ፣ መንገድ ሥራ ልከውኛል። ጀሪካኑን ውኃ ሞልቼዋለሁ። የአንተንም ሸሚዝ ከገመድ አውርጃለሁ።

እንግዲህ ቀስ ብለህ ንዳት።

ለምን ትጎተታለህ ሲሉህ፣ ሞተሯ አዲስ ስለሆነ ነው በላቸው። እኔም ያልኳቸው ይህንኑ ነው። እውነት መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም እንዲቀጡኝ እጁን አወጣ።

ሰላሀዲን