ቀሃ ዳር የተላከልን ጥብስ

እሑድ

ዳንኤል ሳህኑን አልነካውም። እኔ ግን ፈርቼ በላሁ።

ቀኑ ሲጀምር እንዲህ አልነበረም። ወንድሜ ዳንኤል ከሚያስተምርበት ከአይከል ትምህርት ቤት ወደ ጎንደር ተዛውሮ መጣልኝ፤ ደስ ብሎኝ ምሳ ልጋብዘው ቀሃ ወንዝ ዳር እትየ አበባ ቤት ወሰድኩት። ጾም ከተፈታ ወዲህ እዚያ መቀመጫ አይገኝም። ሰዉ ዛፉ ሥር፣ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ሳይቀር ቢራውን ይዞ ተቀምጧል። ገና ሳናዝዝ አስተናጋጇ የሚጨስ ጥብስ አመጣች። «ከእሳቸው ነው» አለች። ዞር ስል የከፍተኛው ካድሬ ብርጭቆውን አነሳልን። በዝና አውቀዋለሁ እንጂ ሰላም ተባብለን አናውቅም።

«ከማላውቀው ሰው አልበላም» አለ ዳንኤል፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ። አጠገባችን ያሉት ሁሉ ዓይናቸውን ሳህናቸው ላይ ተከሉ። ካድሬው ፈገግ ብሎ፣ «እንተዋወቃለን» አለ።

ሰኞ

ሆስፒታል ዋልኩ። አንዷን በሽተኛ መርፌ ወግቼ ስጨርስ፣ ወጋሁሽ እንዴ ብዬ ራሷን ጠየቅኳት። ለምን ላከልን? ሰክሮ ይሆን? እኔን አይቶ ይሆን? ይኸኛው ቢሆን ይሻለኛል። እንዲህ ብዬ መመኘቴ ራሱ አስጠላኝ።

ማክሰኞ

ካድሬው ሆስፒታል መጣ። ጣቱን ቢላ ጫር አድርጎት፣ ለፋሻ እንኳ የማይበቃ ቁስል ይዞ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ መንገድ ለቀቁለት። ሳጥብለት ፊቴን ሲያይ ቆየና፣ «ሲስተር፣ ወንድምሽ ኩሩ ነው» አለኝ። «የፊታችን እሑድ አብራችሁ ኑ። ጋባዡ እኔ ነኝ።» እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ከሥራ ስወጣ እትየ አበባ ጋ ሄድኩ። ጓዳ አስገብታ፣ «ከጾሙ በፊት ሁለት ወንድማማች ተማሪዎችን እንዲሁ ጋብዞ ነበር» አለችኝ። «ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። እናታቸው እየመጣች እኔን ትጠይቀኛለች።»

ረቡዕ

ለዳንኤል ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ፣ አይከል አብሮት ቤት ተከራይቶ ይኖር የነበረ መምህር እንደተሰወረና እንደሚፈለግ ነገረኝ።

«የት እንዳለ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ፣ የታሰረውን የጫማውን ክር እንደገና እያሰረ።

ጥያቄውን አልደገምኩትም። የማላውቀውን ማንም ገርፎ ከአፌ ሊያወጣው አይችልም።

ዓርብ

ቁርስ አብረን በላን። «አይከል የቀረ ዕቃዬን ላምጣ» አለኝ። ሸሚዝ በሸሚዝ ደርቧል፤ ሁለቱም ኮሌታዎች ይታያሉ። የላይኛውን አስተካከልኩለት። በሩ ላይ «እማዬን...» ብሎ ጀመረና ተወው። መናኸሪያ ድረስ አልሸኘሁትም፤ ዓይን ይስባል። ከአይከል ወዲያ መተማ፣ ከመተማ ወዲያ ሱዳን ነው።

ቅዳሜ

ወሬ የለም። ዝናቡ ሲያባራ የዳንኤልን ሱሪ አጥቤ ደጅ አሰጣሁት። ጎረቤቱ፣ ቤት ውስጥ ያለ ይምሰለው።

እሑድ

ሄድኩ። ብቀር ይነቃብኛል። ቤቱ ጢም ብሏል፤ ባዶ ወንበር ያለው ካድሬው ጠረጴዛ አጠገብ ብቻ ነው። ወንዙ ደፍርሶ ሞልቷል።

«ወንድምሽስ?»

«አይከል ዕቃ ሊያመጣ ሄደ። ነገ ይመለሳል።»

«አይከል ሰዎች አሉን» አለና ጠቅልሎ አጎረሰኝ። አፌን ከፈትኩ። አላምጬ እስክውጥ ዓይኑን ከፊቴ አልነቀለም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ ደገመኝ። እትየ አበባ ስታልፍ ትከሻዬን በክርኗ ነካ አደረገችኝ፤ ሁለተኛውንም ዋጥኩት።

ማክሰኞ

ፍተሻ። አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ፍራሹን ገለባበጡት። «ነገ ይመጣል ብለሽ ነበር» አለኝ አንዱ። «እኔም እየጠበቅሁት ነው» ብዬ አለቀስኩ። ልቅሶው የምር ስለነበረ ያመኑኝ መሰለኝ።

ሐሙስ

ከአይከል አቅራቢያ፣ ከጭልጋ ገጠር፣ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ሊታከሙ መጡ። ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ጠብቀው፣ «የመምህሩ የዳንኤል እኅት አንቺ ነሽ?» አሉኝ። ወጥመድ ይሆን ብዬ የጠብታውን ጠርሙስ መፈለግ ጀመርኩ። እሳቸው ቀጠሉ። ዳንኤል ቅዳሜ እሳቸው ቤት ውሎ፣ በቆላው መንገድ ከነጋዴዎች ጋር ወጥቷል። ፈላጊዎቹ ሰኞ ደርሰው በዚያው ዱካ ወረዱ፤ በማግሥቱ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

«ተኩስም አልሰማን» አሉኝ።

«እርግጠኛ ነዎት፣ አያ?»

«ምነው ልጄ! የታመመው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬማ ሸጋ ነው።»

ሳቅ አመለጠኝ። ጠብታውን አደረግኩላቸው።

ድንበሩን ይሻገር አይሻገር አላውቅም። ካድሬውም ለእሑድ ደግሞ ጥሪ ልኮብኛል፤ ምን እንደምለው አላውቅም። ግን ራበኝ። ስንት ቀን ሙሉ ምግብ እንደ አፈር ሲሆንብኝ ቆይቶ፣ ዛሬ የምር ራበኝ። ሽሮው እየተንተከተከ ነው። ልብላ።