ሁለተኛ ስትሆኚ ነይ

መጋቢት 9

ማሽንሽን ትናንት ከሸራው ስር አወጣሁት።

ውድ እህቴ፣

ስድስት ዓመት ተኝቶ የኖረ ነገር ነውና አቧራው አንድ አካፋ ሞላ። ቀበቶው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሞተሩ ግን አጉረምርሞ ተነሳ። የወንፊቱ ቦታ ባዶ ነው፤ እሱን ማን እንደወሰደው ታውቂያለሽ።

የምጽፍልሽ ባንክ ቤት ተቀምጬ ነው። ቁጥሬ ስድሳ ሦስት፣ አሁን የተጠራው አርባ ስምንት። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ጫማውን አውልቆ እንቅልፉን ይለጥጣል። ጊዜ አለኝ። የምታውቂውንም ቢሆን ልንገርሽ፤ እኔ እንዴት እንደማስታውሰው አታውቂምና።

እማዬ ዓይኗን ያጣችው ለነጋዴ ምስር ስትለቅም ነው። ሐኪሙ ለሕመሙ ሌላ ስም ሰጥቶት ነበር። አንቺ ግን «ሃያ ዓመት በደብዛዛ አምፖል ጠጠር የለቀመ ዓይን ምን ሌላ ስም ያስፈልገዋል?» አልሽ። ከዚያ ከብየዳ ቤቴ አንድ ጥግ ይዘሽ ሁለት ዓመት ቆረጥሽ፣ በየድሽ፣ አፈረስሽ። ምስሩ ዘንበል ብሎ በሚወዛወዝ ወንፊት ላይ ይፈሳል፤ ከስር ነፋስ ይነፋዋል፤ ምስሩ ቀሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠጠሩ ከብዶ ወንፊቱን እየነከሰ ወደ ላይ ይወጣል። ድንጋይ ሽቅብ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ነው። እማዬ ጠጠሩ ቆርቆሮው ውስጥ ሲወድቅ ጆሮዋን አቁማ ትሰማ ነበር። ቀጥላ እጇን የተለቀመው ምስር ውስጥ ከትታ ብዙ ፈተሸች።

«አንድ ቀርቷል፣» አለች። «እሱንም ሥራ እንዳልፈታ ሆን ብለሽ ነው የተውሽልኝ።»

ብድር ለመጠየቅ እዚሁ ባንክ አብረን መጣን። ቤቱ በእኔ ስም ስለሆነ መያዣው እኔ፣ ሥራው አንቺ። ያነጋገረን ሰውዬ ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ በወጣን በአምስት ደቂቃ ውስጥ «አቶ ማስረጃ» ብለሽ ስም አወጣሽለት።

«ይሄን ማሽን የሚሠራ ሌላ ድርጅት አለ?»

«የለም፣» አልሽ፤ ኮርተሽ።

«ከአንቺ የገዛ ሰው አለ?»

«ገና ነው። ብድሩ ለዚያ አይደል?»

«ታዲያ በምን ማስረጃ ልገምተው? በር ሠሪ ቢመጣ ሠላሳ በር ሠሪ አውቃለሁ። ብረቱ ስንት እንደሚፈጅ፣ በሩ ስንት እንደሚሸጥ ሰንጠረዥ አለኝ። የአንቺ ግን የመጀመሪያ ነው።»

«የመጀመሪያ ስለሆነ እኮ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ሁለተኛ ስትሆኚ ነይ፣» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አንቺ ዞር ብለሽ እኔን አየሽ እንጂ እሱን አላየሽም።

የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ባለቤት ደግሞ ገንዘቡን እኔ ልስጥሽ፣ ማሽኑ ግን ከግቢዬ አይወጣም አለሽ። «እኔስ እወጣለሁ?» ብለሽው መጣሽ። ሌላ የሚያበድር አላወቅንም።

በሁለተኛው ሳምንት ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ቅጹ ላይ የሥራውን ዓይነት የሚጠይቅ መስመር አለ። «የብረት በርና መስኮት» ብዬ ጻፍኩ። በአሥራ ሁለት ቀን ተፈቀደ። ለአንቺ «ተሳካ» ብቻ አልኩሽ። ጓንትሽን ሳታወልቂ አቀፍሽኝ። «ጋሼ፣ አንተ ባትኖር» ብለሽ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሺው ወደ ማሽንሽ ተመለስሽ። ክፉ አላሰብኩም ነበር ብዬ ልጽፍ ጀምሬ አሁን ሰረዝኩት። ከላይ የተሰረዘው እሱ ነው።

በሦስተኛው ወር አቶ ማስረጃ ለቁጥጥር መጣ። እኔ የብየዳ ኤሌክትሮድ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ከማሽንሽ ፊት ቆሞ፣ አንቺም እያስረዳሽው ደረስኩ።

«በሮቹስ የታሉ?» አለ።

«የምን በሮች?» አልሽው።

ቤቱ በባንኩ ሲወሰድ ታየኝ፤ እማዬ ደጅ ስትወጣ ታየችኝ። አፌ ቀደመኝ። «በሮቹ ደንበኛ ጋ ሄደዋል። ይሄ የእህቴ መጫወቻ ነው፤ በትርፍ ጊዜዋ።»

አልተከራከርሽም። ጓንትሽን አንድ አንድ ጣት እየጎተትሽ አወለቅሽና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽው። በማግስቱ አልነበርሽም። ወንፊቱም አልነበረም። የታሰረባቸውን አራት ብሎኖች ግን በመስመር ደርድረሽ ትተሽልኛል።

ከዚያማ በር ሠራሁ። አሁን በመንገዳችን አሥራ አንድ በር ሠሪ አለ። አሥራ አንዳችንም የተበደርነው ከዚሁ ባንክ ነው፤ ሰንጠረዡ ውስጥ አለና። የሚገዛው ሰው ግን ያው ነው፤ አሥር ቤት ዋጋ ጠይቆ እኔ ጋ ሲደርስ ደክሞት ነው የሚከራከረኝ። ሁለቱን በያጆች አሰናብቻለሁ። አዲስ ብድር ካላገኘሁ በወሩ መጨረሻ ሱቁ ይዘጋል።

ባለፈው ወር ባንኩ ለፈጠራ ሥራ ብቻ የሚያበድር ክፍል ከፈተ። ግድግዳው ላይ ትልቅ አምፖል ሥለዋል። ኃላፊው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አቶ ማስረጃ። ፀጉሩ አልቋል፤ መስታወት ክፍል ተሰጥቶታል። ስሜን ረስቶ ማሽንሽን አስታወሰ።

«ያ የእህትህ መጫወቻ አለ? ተመሳሳዩ ከውጭ መጥቶ አራት ወፍጮ ቤት ገብቷል። ገበያው ተረጋግጧል።»

«ሁለተኛ ሆንን ማለት ነው፣» አልኩት።

አልገባውም። የራሱን ቀልድ ረስቶታል።

ወንፊቱ የለም ብለው ከውጭ ከመጣው ገልብጥ አለኝ። እህቴ ከተማ ውስጥ የለችም ብለው፣ «እና አንተው ፈርም፤ ለሁለት ሰው ከሆነ ወረቀቱ ይበዛል» አለኝ። ቅጹ ላይ የፈጠራው ባለቤት የሚል መስመር አለ።

ዛሬ ጠዋት ቤት ተቀምጬ ሞላሁት። እማዬ የእስክሪብቶውን ድምፅ ሰምታ መጣች።

«ምን ትጽፋለህ?»

«የብድር ቅጽ።»

«አሁንስ በር ነው መስኮት?»

ቅጹን አጥፌ ተነሳሁ። ስወጣ እንዲሁ አፌ ላይ መጥቶልኝ አድራሻሽን ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። ከተማውን፣ መንገዱን፣ የቤቱን ቁጥር ሳትደናቀፍ በቃሏ አወረደችልኝ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ይዘሽው?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ።

አሁን ወረቀቱን ገልብጪው። የምጽፍልሽ በቅጹ ጀርባ ነው፤ አራት ገጽ ነው፣ ጀርባው ባዶ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ የፈጠራው ባለቤት በሚለው መስመር፣ ስሜን ታገኚዋለሽ። ጥርት አድርጌ ነው የጻፍኩት። ከእኔ አፍ ብትሰሚው አሳምሬ ስለምነግርሽ በዓይንሽ እዪው። ቁጥር ስይዝ ላስገባው አስቤ ነበር። መጻፍ የጀመርኩት ሌላ ወረቀት ስላልነበረኝ ነው፤ ከሁለተኛው ገጽ በኋላ ግን ሌላ ወረቀት አልፈለግኩም።

ወንፊቱን ላኪልኝ አልልሽም። ሱቁ ሲዘጋ ማሽኑን እማዬ ክፍል አስገባዋለሁ። ቀበቶውን እቀይራለሁ፤ በየወሩ ዘይት እቀባዋለሁ። መጥተሽ ብትወስጂውም ባትወስጂውም።

ስድሳ ሦስት ተጠራ። ልጅቷ ደግማ ጠራች። አቶ ማስረጃ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ በእጁ ና ይለኛል። አጠገቤ የተኛው ሰውዬ ነቅቶ ቁጥሬን አየና «አንተ ነህ እኮ» አለኝ። «አይደለሁም» ብዬ ቁጥሩን ሰጠሁት፤ የሱ ሰባ አንድ ነበር። ቆሜ ነው የምጽፈው። ፖስታ ቤቱ በስድስት ሰዓት ይዘጋል፤ ወጥቻለሁ።

ወንድምሽ