ከመቶ ሠላሳ በታች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬ ዐሥራ ስምንት ኳስ ነፋሁ። ሁለቱ ያፈሳሉ። አንድ መረብ ጠገንኩ። ይኸው ነው እንግዲህ የስፖርት መምህር ሥራ... ልቤ ከጣለኝ ወዲህ። ዕቃ ግምጃ ቤት ከገባሁ ሰባት ወር ሆነኝ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ የቁልፍ ዘለላ ከወገቡ ስለማይለይ ጋሽ ቁልፉ የምንለው፣ "አንተም ከኳሶቹ ጋር ተነፋህ" ይለኛል። ይሳቅ።

ጠዋት ሜዳውን ዞርኩ። ሩጫ ከተባለ። የልብ ምት የሚቆጥረው የእጅ ሰዓቴ 176 አለ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የልብ ምቴ ባለቤቴ ስልክ ላይ ይገባል፤ ልብስ ከምትቆርጥበት ጠረጴዛ መቀሷን ጥላ ነው የደወለችው።

"ቁም! ቁም አልኩህ እኮ!"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ቁጥሩ እንደዚያ አይልም።"

ቆምኩ። ምን ላድርግ? የልብ ሐኪሜ ትእዛዝ ግልጽ ነው። በቀን ሠላሳ ደቂቃ ሩጫ፣ የልብ ምት ከ130 ሳያልፍ፣ አራት ሳምንት። መዝገቡ ካማረ ወደ ሜዳ የምመለስበትን ደብዳቤ ትፈርማለች። ካላማረ... እስከ ጡረታ ኳስ መንፋት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ዛሬም 176። ቆሜ አንገቴን በሁለት ጣት ይዤ ቆጠርኩ። በዐሥራ አምስት ሰከንድ ሠላሳ አምስት። ማለት 140። ታዲያ 176 ከየት መጣ?

ከሥራ ስወጣ ሰዓት ሠሪው ጋ ጎራ አልኩ። የሸጠልኝ እሱ ነው። ሽማግሌ፣ ችኩል ያልሆነ ሰው። እዚያው ሱቁ በር ላይ አስሮጠኝ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪያየኝ።

"መምህር፣ ይኼ እኮ ልብህን አይደለም የሚቆጥረው። እግርህን ነው!"

ከሰዓቱ ሥር ያለችው መብራት ቆዳ ላይ ካልተጣበቀች የእርምጃውን ንዝረት ልብ እየመሰላት ትቆጥራለች አለ። ከእጅ አንጓው ሁለት ጣት ከፍ አድርገህ እሰረው፣ ጠበቅ አድርገው፣ ላቡን ጥረገው፣ መጀመሪያ ሰውነትህን አሙቀህ ሩጥ። ሳቅን። ስንት ሰው እግሩን ልቤ ነው ብሎ ይሞታል...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ሰዓት ሠሪው ያለኝን ሁሉ አደረግሁ። ሰዓቱ ተስተካከለ። 148። በጣቴ ቆጠርኩ፦ ሠላሳ ሰባት። እሱም 148። ልክ ነው።

ልክ መሆኑ ነው ጉዱ። ከ130 በታች እንዲሆን መራመድ አለብኝ። መራመድ ደግሞ ሩጫ አይባልም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

በግምጃ ቤቱ መስኮት አዲሷን መምህርት አየኋት። ልጆቹን ሳያሟሙቁ ታስሮጣቸዋለች። ፊሽካዋን ያለ ቦታው ትነፋለች። ልጮህ ፈልጌ መስኮቱ አልከፈት አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ሜዳ ነው። ቀናሁ። አዎ፣ ቀናሁ። ማን ያነበዋል ብዬ ነው የምደብቀው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ብርድ ነበር። ሹራብ ለብሼ ሮጥኩ። እየሮጥኩ የሹራቤ እጅጌ ከሰዓቱ ሥር ገባ። ቁጥሩ 148 የነበረው ወደ 117 ወረደ። እዚያው ቀረ። መብራቷ በጨርቁ ታፍና ልቤንም እግሬንም መቁጠር አቅቷት ይሆናል።

እጅጌውን ማውጣት ነበረብኝ። እጄንም ዘርግቼ ነበር። ስልኬ ጮኸ።

"አየህ! አየህ አይደል! 117 እኮ ነው!" ድምጿ የሙሽርነታችንን ጊዜ ድምፅ መሰለኝ።

እጅጌውን ተውኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

በየቀኑ እጅጌ። 115። 119። 121። ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ይበልጥ እውነት ይመስላል። ባለቤቴ ተኝታ ማደር ጀምራለች። ከታመምኩ ወዲህ እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ ነበር የምታድረው። አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታንኮራፋለች። ደስ ይላል።

አንድ ጊዜ አንድ ተማሪዬ ከዛፎቹ ጀርባ አቋርጦ አንደኛ ወጣ። በሰው ሁሉ ፊት እንደገና አስሮጥኩት። "ዙሩን ሰርቀህ ማንን ቀደምክ?" ብዬ። ዛሬ ስሮጥ ትዝ አለኝ። ምን አገናኘው? እኔ የማንንም ዙር አልሰረቅሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ሐኪም ቤት። ሐኪሟ መዝገቡን ወደ ላይ ወደ ታች አየችው።

"መምህር፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሲሮጡ ደረትዎን ያዝ ያደርግዎታል?"

"ኧረ በጭራሽ።"

ያደርገኛል። ከሳምንት ወዲህ ያደርገኛል።

"እንግዲያው የልብ ምትዎን የሚገታውን መድኃኒት በግማሽ እንቀንሰዋለን።"

ይኼን አላሰብኩትም ነበር። ደብዳቤውን ብቻ ነበር የማየው። አሁን መናገር ነበረብኝ... አፌን ከፈትኩ። "አመሰግናለሁ" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ፈረመች።

ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ አቀፈችኝ። ሰው እያየ። እሷ እንኳን ሰው ፊት፣ ቤትም ውስጥ ታፍራለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሜዳ! ልጆቹ "ጋሼ መጣ!" ብለው ከበቡኝ። ፊሽካው አፌ ውስጥ ጣፈጠኝ። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ሁለቴ ተቀመጥኩ። ጋሽ ቁልፉ አየኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ሆስፒታል ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ስሮጥ፣ ከአጥሩ አጠገብ። ከዚያ ወዲያ አላስታውስም። መንገድ ጠራጊዋ ናት ያገኘችኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተኝቻለሁ አሉ። ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሐኪም ወንበር ሲስብ ጥሩ አይደለም። በእነዚያ ደቂቃዎች የልቤ አንድ ወገን ሞቷል። ሩጫ የለም። ሜዳ የለም። ደረጃም በእረፍት።

ስወድቅ ባለቤቴ ስልኳን አይታለች። 116 ይል ነበር። መልሳ አስቀምጣ ሥራዋን ቀጠለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ሰዓቱን ይዛ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ሄዳ ጮኸች። "ሰው ልትገድል ነበር!" ብላ፣ ደንበኛ ፊት። ሽማግሌው ክንዱ ላይ አስሮ ሞከረው። ደኅና ሠራ። "ሰዓቱ ጤነኛ ነው" አላት። "ውሸታም" አለችው። ሰፈሩ ሁሉ እሱ ዘንድ እንዳይሄድ ተናግራለች።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ጣሪያውን አይ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች በመጨረሻ። "ማሽን አምኜ... አንዴ ብደውልልህ ምን ነበረበት?" አለቀሰች። ይኼንንም ሰማሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዓርብ፣ ኅዳር 27

ሰዓት ሠሪው ሊጠይቀኝ መጣ። ብርቱካን ይዞ። ባለቤቴ ስታየው ተነሥታ ወጣች።

"መምህር፣ ስትሮጥ ቆዳህ ላይ ነበር ያሰርከው?"

"መሰለኝ።"

"ከሥሩ ልብስ ምናምን አልገባበትም?"

"አላስታውስም፣ አባባ።"

ረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ያወቀ መሰለኝ። "እንግዲህ የኔ ጥፋት ይሆናል። እያረጀሁ ነው" አለ፣ ብርቱካኑን አጠገቤ አድርጎ ሄደ። አንዷን ልጬ መልሼ አስቀመጥኳት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ነገርኳት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ። እጅጌውን፣ ደብዳቤውን፣ የደረቴን ሕመም፣ መድኃኒቱን።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ስንት ቀን?"

"ሠላሳ ስምንት።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "የወደቅክ ዕለት" አለች፣ "ቁጥሩን ለሥራ ጓደኞቼ አሳየኋቸው። ባሌ ጎረምሳ ሆነ ብዬ። ሁላችንም ሳቅን። አንተ መሬት ላይ ነበርክ፣ እኔ እስቅ ነበር።"

ይቅርታ አልኩ። ቃሉ እንዴት ትንሽ ነው... ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ቀጥታ ሰዓት ሠሪው ጋ ነው የሄደችው። እግሩ ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች አሉ። በኔ ፈንታ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ቤት ከገባሁ ሳምንት አለፈኝ። ምንም አላጎደለችብኝም። መድኃኒቴ በሰዓቱ፣ ጨው የሌለው ምግቤ በሰዓቱ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ድሮ በቀን ዐሥር ጊዜ "ደኅና ነህ?" ትለኝ ነበር፤ ያሰለቸኝ ነበር። ከሆስፒታል ወዲህ አንዴም አልጠየቀችኝም።

ዛሬ ከጠዋቱ ጀምሮ ቀለል ብሎኛል። ደረቴ አልያዘኝም። እስከ በሩ ሄጄ ስመለስ ትንፋሼ አልተቆራረጠም። ሳትጠይቀኝ ነገርኳት።

"ዛሬ ደኅና ነኝ" አልኳት።

"እሺ" አለች። ስልኳን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ለሐኪሟ ስትደውል በበሩ ክፍተት ሰማኋት።

"ደኅና ነኝ ይላል። እባክዎ፣ እርስዎ መጥተው ይዩልኝ።"

እውነቴን ነበር።